የማለዳውን ባቡር እጃቸውን አንሥተው ያቆሙ የነበሩት የወይዘሮ ኤርሚንዳ ባሬይሮ ዜና ሕይወት

ዛሬ በካንያዳ ቺካ ባቡር ጣቢያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አስከሬናቸውን ከበን የተቀመጥንላቸው ወይዘሮ ኤርሚንዳ ባሬይሮ፣ ከአባታቸው ከአቶ ሲሪያኮ ባሬይሮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፔትሮና ኮርባላን፣ በሰሜን በቻኮ ጫካ ውስጥ እንጨት ቆራጮች ለአንድ ወቅት ሰፍረው በሚለቁት ሰፈር ተወለዱ። የተወለዱበት ቦታ ዛሬ ስም የለውም፤ ሰዉ ሲነሣ ስሙም አብሮ ተነሥቷልና።

አባታቸው ኬብራቾ የሚባለውን፣ ምሳር የሚሰብረውን ዛፍ እየጣሉ ከሐዲድ ሥር የሚነጠፈውን አግዳሚ እንጨት የሚጠርቡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ገና ድክ ድክ ሲሉ እናታቸው ስላረፉ፣ ትንሿ ኤርሚንዳ ጎሕ ሲቀድ አባታቸውን ሸኝተው እስከ ማታ ከአንድ ውሻና ከአንድ ድስት ጋር ይውሉ ነበር። በዚያ ዕድሜ የሚያውቁት የሰው መኖር ምልክት ከሩቅ የሚሰማው የመጥረቢያ ድምፅ ነበር፤ መጥረቢያው ሲመታ ይጫወታሉ፣ ዝም ሲል ደግሞ ጨዋታቸውን ትተው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ካደጉም በኋላ፣ ጨለማን ሳይፈሩ፣ ሌባን ሳይፈሩ፣ ባዶ ቤትን ብቻ እንደፈሩ ኖሩ። ይህን ስንናገር የእሳቸውን ገመና ማውጣታችን አይደለም፤ ራሳቸው ሳይደብቁ ይናገሩት ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከጫካው ጫፍ ባለች ከተማ፣ መነኮሳት በሚያስተምሩበት ቤት ገብተው እስከ ሦስተኛ ክፍል ተማሩ። ፊደሉንም ቁጥሩንም አልጠሉም፤ ይሁንና ትምህርት ቤት የወደድኩት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ልጆች ተጣብቀን ስለምንቀመጥ ነው፣ ክረምት ሲሆን የአንዷ ሙቀት ለአንዷ ይተርፍ ነበር ይሉ ነበር። የአባታቸው ወገብ በወደቀ ዛፍ ከተጎዳ በኋላ ግን ከዚያ ወንበር ተነሥተው አባታቸውን አስታመሙ፤ አባታቸውም ሲያርፉ አክስታቸው ወደ ቦነስ አይረስ አምጥተው በአንድ ባለጸጋ ቤት በሠራተኝነት አስገቧቸው።

በዚያ ቤት የተሰጣቸው ክፍል ጣሪያ ላይ፣ የውሃው ጋን አጠገብ ነበር። እመቤቲቱ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲፈልጓቸው ደወል ይደውላሉ፣ ሳይፈልጓቸው ሲቀሩ ደወሉ ዝም ይላል፣ ሌላ ወሬ የለም። እንግዲህ ወጣቷ ኤርሚንዳ የእሑድ ዕረፍታቸው ሲደርስ እንደ እኩዮቻቸው ወደ ጭፈራ ከመሄድ ይልቅ ወደ ትልቁ ጣቢያ ወርደው፣ ከከተማው ተነሥቶ እስከ መስመሩ መጨረሻ የሚሄደውን ባቡር ተሳፍረው፣ መጨረሻው ሲደርስም ሳይወርዱ በዚያው ይመለሱ ነበር። የሚጎበኙት ዘመድ አልነበራቸውም፤ የሚፈልጉት ሰው የሞላበትን ፉርጎ፣ የሕፃናቱን ልቅሶ፣ የካልሲ ሻጩን ጩኸት፣ ማንም ሳያውቃቸው ትከሻቸው ላይ የሚያንቀላፋውን ሰው ነበር።

በዚህ በካንያዳ ቺካ የሐዲድ መሻገሪያ ላይ ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን በእጁ እየጠመዘዘ የሚያወርድ ኦስቫልዶ ሌንሲና የሚባል ወጣት ነበር። ይህ ወጣት በየእሑዱ በአንዱ መስኮት ስትሄድ ያያትን ልጅ በሚቀጥለው ባቡር ስትመለስ እያያት፣ መጀመሪያ የጠፋች መስላው አዘነላት፤ ቀጥሎ በኮፍያው ሰላም አላት፤ በመጨረሻም አንድ እሑድ ልጅቷ ወርዳ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው። ከዚያ በኋላ በሳን ኤሌውቴሪዮ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። አቶ ኦስቫልዶ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ሚስቴ ያገባችው እኔን አይደለም፣ ቤቴ የቆመበትን የባቡር መንገድ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ ወይዘሮ ኤርሚንዳም ይህን ቀልድ አስተባብለው አያውቁም።

ቤቱ፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ከጣቢያው መድረክ ጅራት ሐዲዱን ተደግፎ የቆመው የቀይ ጡብ ቤት ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ስኒዎች ይጨፍራሉ። እንግዳ ሲመጣ በዚህ ጩኸት እንዴት ትተኛላችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ እሳቸው ደግሞ እኔን የሚቀሰቅሰኝ ሲያልፍ አይደለም፣ ሲቀር ነው ብለው ይመልሳሉ። በዚያ ዘመን ጣቢያው የእኛ አደባባይ ነበር። የሕፃናት ክትባት የሚሰጠው በዚህ መጠበቂያ ክፍል ነው፤ የኳስ ቡድናችን የተመሠረተው በዚህ ክፍል ነው፤ ሬሳ የሚያድረውም እዚሁ ነው፤ የተጣሉ ባልና ሚስት ሳይቀሩ ሰው ፊት ያፍራሉ ተብሎ የሚታረቁት በዚሁ መድረክ ላይ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ወይዘሮ ኤርሚንዳ ሊጥ በስብ ጠብሰው፣ ስኳር ነስንሰው በጨርቅ ሸፍነው ይመጣሉ፤ ባቡር የዘገየበት ሰውም ባቡሩ ጥቂት ቢቆይ አይጠላም ነበር።

አንድ ልጃቸው ዳርዶ የተወለደው በዚያ ቤት ነው። አድጎ፣ የቴክኒክ ትምህርቱን ጨርሶ፣ በደቡብ ነዳጅ በሚወጣበት አገር ሥራ አገኘና ሄደ፤ እዚያው አግብቶ ወለደ። ልጅ እናቱን አልረሳም፤ በየእሑዱ ይደውላል፤ እኔ ዘንድ ኑሩ ብሎም፣ አባቱ ሥራቸውን እስኪለቁ እሳቸውን አስቀድሞ ወስዷቸው ነበር። እሳቸው ግን ክረምቱን እንኳ ሳይጨርሱ ተመለሱ። ለምን ተመለሱ ሲባሉ፣ ልጄም ሚስቱም ሥራ ይውላሉ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ እዚያ አገር ሰውን የሚያናግረው ነፋስ ብቻ ነው አሉ። በተመለሱ በዓመቱ አቶ ኦስቫልዶ ሳንባቸውን ታመው፣ ረዘም ያለ ሕመም ታመው ዐረፉ። የመሻገሪያው አግዳሚም በኤሌክትሪክ በራሱ የሚወርድና የሚነሣ ሆነ። ቤቱን የባቡሩ ሰዎች ለመበለቲቱ ተዉላቸው፤ ቤቱ ቀረ እንጂ ቤቱን ቤት ያደረገው ሁሉ ሄደ።

ከዚያም የትኬቱ መስኮት ተዘጋ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ ካንያዳ ቺካ ከእንግዲህ መደበኛ ማቆሚያ አይደለችም፣ ባቡሩ የሚቆመው መድረክ ላይ ቆሞ እጁን የሚያነሣ ሰው ካየ ብቻ ነው ተባልን። ይህ ለመስማት ቀላል ነው። እንደ እኛ በጨለማ ከቤቷ ወጥታ ዋና ከተማ የሰው ቤት ለምታጸዳ ሴት ግን ቀላል አይደለም። መንገዳችን አስፋልት አያውቅም፤ በዝናብ ጊዜ ጫማችን ላይ ላስቲክ አጥልቀን ጭቃውን እንሻገርና፣ ጣቢያው ስንደርስ ላስቲኩን አውልቀን አጥሩ ላይ ሰቅለን፣ ማታ ስንመለስ ከዚያው እናነሣለን። አንዷ ጭቃ ውስጥ ስትንደፋደፍ ባቡሩ ብልጭ ብሎ ያልፋል። ያመለጠው ደግሞ የቀኑን ሥራ፣ አንዳንዴም አሠሪውን ይዞ ነው የሚሄደው።

ያኔ ወይዘሮ ኤርሚንዳ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ የቤት ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወጥተው መድረኩ ላይ ቆሙ፤ የባቡሩ መብራት ከጠመዝማዛው ብቅ ሲልም እጃቸውን አነሡ። ባቡሩ ቆመ፣ ሴቶቹም ሮጠው ደረሱ። በማግሥቱም እንዲሁ፤ በሠልስቱም እንዲሁ። ውሎ አድሮ ፌርሚን የሚባለው ትኬት ተቆጣጣሪ፣ አሁን እዚህ በሩ አጠገብ ቆሞ የሚሰማኝ እሱ ነው፣ ከፉርጎው በር ላይ ሆኖ፣ ሁላችንም እመቤት ለማለት እንደምንላቸው ዶኛ ብሎ ተቆጣቸው።

«ዶኛ ኤርሚንዳ፣ ይሄ ባቡር እንጂ የሰፈር አህያ አይደለም። ያስቆመ ሰው ይሳፈራል።»

«ከሆነ እሳፈራለኋ» አሉ እሳቸው፤ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ አንዱን እግር ካነሡ በኋላ ሌላውን ለማንሣት አገር ምድሩን እያሰቡ፣ የመጨረሻዋ ሴት ጭቃውን ተሻግራ እስክትደርስ ድረስ ደረጃው ላይ ቆዩ።

ከውስጥ ቾላ፣ ከሁላችን በዕድሜ የገፋችውና በምላሷ የታወቀችው ቾላ፣ «ይግቡ እንጂ ሙሽሪት፣ ሚዜዎቹ ሞልተናል» አለች፤ ፉርጎው በሙሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ኤርሚንዳ በየማለዳው ባቡሩን አስቁመው፣ ተሳፍረው፣ በሚቀጥለው ጣቢያ በሳን ኤሌውቴሪዮ ወርደው፣ በባሕር ዛፎቹ ሥር ባለችው የእግር መንገድ ሐዲድ ሐዲዱን ወደ ቤታቸው በእግራቸው ይመለሱ ነበር። በአንዱ ጣቢያና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ አንድ ዋንጫ የማቴ ቅጠል ሻይ ከእጅ እጅ ተላልፎ የሚያልቅበት ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ስለ አሠሪዎቻችን ጠባይ፣ ስለ ልጆች ትኩሳት፣ ስለ ባሎች መጠጥ ይሰማሉ፤ ይመክራሉ፤ ይሳደባሉ፤ ይወርዳሉ። እኛ ወደ ሥራችን እናልፋለን፤ ስለ መመለሻው መንገድም ሆነ ከዚያ በኋላ ስላለው ቀን አስበን አናውቅም ነበር። ቀኑ ደግሞ ረጅም ነው። ማታ በሚመጣው ባቡር ስንወርድ ሁሉም ላስቲኩን አንሥቶ ወደ ልጆቹ ይሮጣል፤ እሳቸው በራቸው ላይ ቆመው፣ በርቱ፣ መሸባችሁ ይሉናል። እኛም እንደተባልነው በርትተን እናልፋለን።

አንድ ክረምት መንገዱ በውርጭ ነጥቶ ሳለ ሲመለሱ ወደቁና ጉልበታቸው አበጠ። እንግዲህ ደረጃው ላይ የሚዘገዩት ለዘዴ መሆኑ ቀርቶ እውነት ሆነ። በፉርጎው ውስጥ ተመካከርን፤ አሮጊት ሴት ለእኛ ስትል ልትሞት ነው፣ ይህ ነውር ነው ተባለ። በየተራ አንዳችን ቀደም ብለን እየወጣን እጅ ልናነሣ ተስማማን። ኬክ ጋግረንም ቤታቸው ሄድን። ቾላ ስለ ሁላችን ተናገረች፤ እርስዎ እስከ ዛሬ ተንገላቱልን፣ ከእንግዲህ ግን ቤትዎ አርፈው ይተኙ አለቻቸው። እሳቸውም እግዜር ይስጣችሁ፣ ጉልበቴም ይህንኑ ሲለኝ ነበር ብለው፣ ኬኩን ቆርሰው ለእኛ አደሉን እንጂ ለራሳቸው እንዳላነሡ ያስተዋልነው ከወጣን በኋላ ነው። ደግ ሥራ የሠራን መስሎን እየተጫወትን ሄድን።

በየማለዳው ባቡሩ ቤታቸውን አልፎ ሲሄድ በመስኮት እጃችንን እናወዛውዝ ነበር፤ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ግን አይታይም። ተኝተዋል፣ ደግ አደረጉ አልን። ፌርሚንም ስለ እሳቸው ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ ትኬት መብሳቱን ይቀጥላል።

ነገሩን ያወቀችው ማይራ ሌዴስማ ናት፤ ከእኛ መካከል በዕድሜ ትንሿ፣ ልጅ ያዘለችው። ልጇን ሳል ይዞት፣ ከሥራ ቀርታ ወደ ሳን ኤሌውቴሪዮ ጤና ጣቢያ በእግር መንገዲቱ ስትሄድ፣ ወይዘሮ ኤርሚንዳን በባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ከሳን ኤሌውቴሪዮ ወደ ቤታቸው ሲያነክሱ አገኘቻቸው። ለካ በየማለዳው በጨለማው ከመድረኩ ጅራት ሲወጡ፣ ፌርሚን በመጨረሻው ፉርጎ በር እየደገፈ ያሳፍራቸው ነበር። በማያውቋቸው ሰዎች መካከል ቆመው ይሄዳሉ፤ ወደኛ አይመጡም።

«ዶኛ፣ ይረፉ አልተባሉም እንዴ?» አለቻቸው ማይራ።

«ተባልኩ እንጂ። ደግ ነው ያሰባችሁት።» የሕፃኑን ግንባር በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። «እኔ ግን ባዶ ቤት ማረፍ አልችልበትም፣ ልጄ። በኋለኛው ፉርጎ ስቆም በሮቹ ሲከፈቱ የቾላ ሳቅ ይሰማኛል። እሱ እስከ ማታ ይበቃኛል።»

 ማይራ ለምን ወደኛ አይመጡም ብላ እንኳ አልጠየቀችም።

«እንዳትነግሪያቸው» አሉ እሳቸው። «ያረፍኩ መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል።»

ማይራ ቃሏን ጠበቀች፤ ይህን የነገረችን ካረፉ በኋላ ነው። ነገር ግን እጅ የማንሣቱ ተራ የሷ በሆነ ዋዜማ ቾላን ጠርታ፣ ነገ እዘገያለሁ፣ እናንተም ዘግዩ አለቻት። ቾላ ፊቷን ለጥቂት ጊዜ አይታ፣ ባቡሩ ካመለጠን አሠሪዬ ዘንድ ሄደሽ መጸዳጃ ቤቷን የምታጥቢው አንቺ ነሽ አለች እንጂ ምክንያቱን አልጠየቀችም። በማግሥቱ ማለዳ ሁላችንም ከዚህ ክፍል ግድግዳ ጀርባ፣ ከመድረኩ በማይታየው በኩል ተጠጋግተን ቆምን። የባቡሩ መብራት በጠመዝማዛው ብቅ አለ። መድረኩ ላይ ማንም የለም። ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ እየቀረበ ሲመጣ ከመድረኩ ጅራት አንዲት ሴት፣ ያን ጉልበት ይዘው፣ ሽርጣቸው እየተወናጨፈ፣ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲሮጡ አየን። ብረቱ እየጮኸ ቆመ።

እኛም አሁን እንደደረስን ሁሉ እያለከለክን ወጣን። እሳቸውም ምን ዓይነት ሰነፎች ናችሁ፣ ሰዓት የሚባል ነገር ቤታችሁ የለም ወይ፣ እናታችሁ ስትወልዳችሁም እንዲሁ ዘግይታችሁ ነው የወጣችሁት እያሉ ያወርዱብን ጀመር። «እንቅልፍ ጣለን ዶኛ» አለች ቾላ። «ያለ እርስዎ አይሆንልንም።» እስከ ሳን ኤሌውቴሪዮ ድረስ ሲሳደቡ ሄዱ፤ ፊታቸው ግን ስድባቸውን አላገዘውም።

ከዚያ ወዲህ ከመካከላችን ቀድማ ደርሳ እጇን ያነሣች አልነበረችም። የምንዘገየው ሆን ብለን መሆኑን ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም የሚለውን እሳቸውም አልተናገሩ፣ እኛም አልጠየቅን። ጉልበታቸውን የምታሸው ማይራ ነበረች። መመለሻውን መንገድ ደግሞ ያን ሰሞን ሥራ የሌላት፣ ወይም ዕረፍት ላይ ያለች ሴት እያጀበቻቸው ይመለሱ ነበር። ሁልጊዜ አልተሳካልንም፤ ብቻቸውን የተመለሱባቸው ቀናት ይበዛሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች እንዴት ሆነው እንደሚያልፉላቸው እስከ መጨረሻው አላወቅንም።

ባለፈው መኸር ልባቸው መድከም ጀመረ። ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ልጃቸው ዳርዶም እመጣለሁ ብሎ ቀን ቆርጦ ነበር። እሳቸው ግን ዓርብ ማለዳ፣ ጉሙ ከመሬት ሳይነሣ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ማረፋቸውን የነገረን ሰው የለም። እንደ ልማዳችን ከግድግዳው ጀርባ ቆመን ነበር። የባቡሩ መብራት በጉሙ ውስጥ መጣ፤ ቀረበ፤ አልቆመም። የበራው መስኮት ሁሉ በፊታችን ተራ በተራ አለፈ፤ ፌርሚን የመጨረሻው ፉርጎ በር ላይ ቆሞ ወደ መድረኩ ይመለከት ነበር። ከዚያ ሐዲዱ ዝም አለ። ማንም «አመለጠን» አላለም፤ አውቶቡስ እንፈልግ ያለም የለም። ቾላ ከአጥሩ ላይ ላስቲኳን ሳታነሣ ወደ ቀይ ጡቡ ቤት መራችን። መብራቱ በርቷል። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ አንዱን ነጠላ ጫማ አጥልቀው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። በዚያን ቀን ከእኛ ወደ ሥራ የሄደ የለም፤ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ያን ቤት በዚያ ሰዓት እንዲህ ሞልተነው አናውቅም።

ወይዘሮ ኤርሚንዳ ባሬይሮ፣ በአውቶቡስ አገር አቋርጦ ትናንት የደረሰውን ልጃቸውን ዳርዶ ሌንሲናን፣ ምራታቸውን ግራሲዬላን፣ ልጅ ሳሉ ለአንድ ክረምት አቅፈዋቸው የነበሩትን ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በሩ ላይ ያለውን ፌርሚንን፣ እንዲሁም ነገ በጨለማ ተነሥተን፣ ሰዓታችንን ጠብቀን፣ እጃችንን ራሳችን ማንሣት ያለብንን እኛን ትተው ሄደዋል።

የሰው ልጅ ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም ያለ አምላክ፣ ነፍሳቸውን ጸጥታ ባለበት ሳይሆን ሰው በበዛበት፣ ጨዋታ በማይቋረጥበት፣ በራቸውን አልፎ የሚሄድ በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።